የዋጥኳቸውን ክኒኖች በልኬት ደብተሬ ላይ ቆጠርኳቸው

የአንባቢያን የጤና ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ነዋሪነቴ ደሴ ነው፤ ዕድሜዬ 43 ሲሆን የምተዳደረው በልብስ ስፌት ነው። ከ34 ዓመቴ ጀምሮ ለራስ ምታትና ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ እወስድ ነበር። ያዘዘልኝ ሐኪም የለም፤ መጀመሪያ ከጎረቤት አንድ ፍሬ ተቀበልኩ፣ ቀጥሎ ከመድኃኒት ቤት በፍሬ እየገዛሁ ስምንት ዓመት ቆየሁ። ዒድ ወይም ጥምቀት ቀርቦ የደንበኛ ልብስ ሲከመር በቀን ሁለት እውጥ ነበር፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀናት ይዘላሉ። አልፎ አልፎ ፓራሲታሞልም እጨምርበት ነበር። ካቆምኩ አንድ ዓመት አልፎኛል።

ያቆምኩት ሰፈራችን ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው የኩላሊት እጥበት መጀመሩን ስሰማ ነው። ሰው ሁሉ «ክኒን አብዝቶ ነው» አለ። በዚያው ሌሊት ተነሥቼ የደንበኞቼን ልኬት በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ሒሳብ ሠራሁ፦ በሳምንት ሰባት፣ በዓመት 52 ሳምንት፣ ስምንት ዓመት፤ 2,912 ክኒን ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከዓይኔ አይጠፋም። ጠዋት ጠዋት ሽንቴን በብልቃጥ አድርጌ መስኮት ላይ አስቀምጥና አረፋ መያዝ አለመያዙን አያለሁ። በ11 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመርምሬ ሦስቱንም ጊዜ ደህና ነሽ ተብያለሁ፤ ውጤቱን ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ። ደህና ነሽ በተባልኩበት ዕለት እንቅልፍ ይወስደኛል፤ ሳምንት ሳይሞላ ግን ማሽኑ ተሳስቶ ቢሆንስ፣ ጉዳቱ ገና ሳይታይ ቢሆንስ የሚል ሐሳብ ተመልሶ ይመጣል። ኩላሊት ያጥባል የተባለ የቅጠል ዱቄት ከገበያ ገዝቼ እየጠጣሁ ነው። አሁን ራሴን ቢያመኝም፣ ትኩሳት ቢይዘኝም አንድ ክኒን አልነካም። ጎረቤቶቼ «አብሽሪ» ይሉኛል፤ እናቴ ግን «ይህ ወስዋስ ነው» ትላለች። ዓይኔም ደከም ብሎብኛል፤ መርፌ ውስጥ ክር የምታስገባልኝ ልጄ ናት፤ ይህም ከክኒኑ ይሆን? ያ ሁሉ መድኃኒት ሰውነቴ ውስጥ ምን ጥሎ ሄደ? ወደፊት ብቅ የሚል ነገርስ ይኖር ይሆን?

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አንብቤ፣ የላኳቸውን ሦስት የላብራቶሪ ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ተመልክቻለሁ። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ የወሰዱት ዳይክሎፌናክ ከሰውነትዎ ከወጣ ዓመት አልፎታል፤ ኩላሊትዎ ላይ ጥሎት የሄደ፣ በምርመራ የሚለካ ጉዳት አይታይም፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ሊጣራ የሚገባው ነገር አለ፣ እርሱ ግን እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመሩበት ቁጥር አይደለም።

ክኒን ጎተራ ውስጥ እንደገባ እህል እየተጠራቀመ ይሄዳል የሚል ስሜት ብዙ ሰው ዘንድ አለ። ዳይክሎፌናክ ግን ደም ውስጥ ከገባ በኋላ መጠኑ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፣ በሚቀጥለው ተመሳሳይ ጊዜ የቀረው እንደገና በግማሽ ይቀንሳል፤ ማታ የተዋጠው በማግስቱ ማታ የለም ማለት ይቻላል። ፓራሲታሞልም ቢሆን ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ በግማሽ የሚቀንስ ነው። ስለዚህ 2,912 የሚለው ቁጥር በአካልዎ ውስጥ የተቀመጠ ዕዳ አይደለም። ባለፉት ስምንት ዓመታት አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ የጠጡትን ቡና በዚያው ደብተር ላይ ቢደምሩት ከዚህ የሚበልጥ ቁጥር ይወጣዎታል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ቡና ሆዴ ውስጥ አለ ብለው አይሰጉም።

ወጥቷል ማለት ግን በነበረበት ጊዜ ምንም አላደረገም ማለት አይደለም፤ ይህን አለሳልሼ ማለፍ አልፈልግም። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና የእነርሱ ዘመዶች ሕመም የሚያስታግሱት ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የተባሉ ንጥረ ነገሮችን እንዳያመርት በመከልከል ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ሕመምና እብጠትን ቢያባብሱም በሌላ በኩል የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጋርደው ንፍጥ እንዲመረት ያደርጋሉ፤ ወደ ኩላሊት ደም የሚወስደው ቧንቧም እንደ ልብ ክፍት እንዲሆን ይረዳሉ። እነርሱ ሲታገዱ ጨጓራ ይጋለጣል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደው ደምም ይቀንሳል። የኩላሊቱ ጉዳት በአብዛኛው የሚደርሰው መድኃኒቱ በሚወሰድበት ወቅት ነው፤ ሲቆም ቧንቧው ይከፈታል፣ ብዙውን ጊዜም አቅሙ ይመለሳል። ክፉኛ የሚጎዱት በዕድሜ የገፉ፣ ቀድሞም የኩላሊት፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፣ በተቅማጥና በትውከት ውሃቸው ያለቀ፣ እንዲሁም እንደ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችን አብረው የሚወስዱ ሰዎች ናቸው። በደብዳቤዎ ላይ ከእነዚህ አንዱንም አላየሁም። የልብ ጉዳይም ይነሣል፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ዳይክሎፌናክ ለከባድ የልብ ሕመምተኞች እንዳይሰጥ አሳስቧል፤ ይህ ስጋት ግን በዋናነት መድኃኒቱን እየወሰደ ላለ ሰው ነው።

«ክኒን ኩላሊት ይጨርሳል» የሚለው የሰፈር አባባል ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ፌናሴቲን የተባለ ማስታገሻ ነበር፤ ከ1887 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው ዓለም ይሸጥ የነበረ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከካፌይን ጋር ተቀላቅሎ ይዘጋጅ ነበር። በስዊዘርላንድ የሰዓት ፋብሪካዎች ውስጥ ቀኑን ሙሉ አቀርቅረው ጥቃቅን ብልት የሚገጣጥሙ ሠራተኞች ለራስ ምታታቸው በየዕለቱ ይወስዱት ነበር፤ ሥራቸው ከእርስዎ ሥራ የራቀ አለመሆኑን ልብ ይበሉ። እ.ኤ.አ. በ1953 የዙሪክ ሐኪሞች እንዲህ ያለውን ማስታገሻ ለዓመታት ያዘወተሩ ሰዎች ኩላሊት እንደሚጎዳ ጽፈው አሳወቁ፤ መድኃኒቱ በየአገሩ እየታገደ ሄዶ አሜሪካ ውስጥ በ1983 ከገበያ ወጣ። እርስዎ የወሰዱት ይህ መድኃኒት አይደለም።

ቀጥሎ የመጡት ጥናቶች ጥያቄውን የእርስዎን ዓይነት ቁጥር ይዘው ጠይቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ አንድ ጥናት 11,032 ጤነኛ የነበሩ አሜሪካውያን ወንድ ሐኪሞች በ14 ዓመት ውስጥ የወሰዱት የማስታገሻ ብዛት ተጠይቆ ደማቸው ተመርምሯል፤ 2,500 ክኒንና ከዚያ በላይ ከወሰዱት መካከል እንኳ የኩላሊት አቅም መቀነስ ጎልቶ አልታየም። ይህ ጥናት በወንዶች ላይ መሠራቱን አይተው «እኔ ሴት ነኝ» እንደሚሉኝ ስለማውቅ ሌላውንም ልጨምር፦ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመውና 1,697 ሴቶችን ለ11 ዓመት የተከታተለው ጥናት፣ በዕድሜ ዘመናቸው ከ3,000 ግራም በላይ ፓራሲታሞል በወሰዱ ሴቶች ላይ የኩላሊት አቅም መቀነስ በብዛት እንደታየ፣ በአስፕሪንና በእነ ዳይክሎፌናክ ወገን ግን ይህ ግንኙነት እንዳልታየ ገልጿል። 3,000 ግራም ማለት ባለ 500 ሚሊ ግራሙ 6,000 ፍሬ ነው፤ አልፎ አልፎ የጨመሩት ፓራሲታሞል ወደዚያ አይጠጋም። የጎረቤትዎን ጉዳይ ሐኪማቸው ያውቀዋል፤ ኩላሊትን ለእጥበት በማድረስ በዓለም ላይ የታወቁት ቀዳሚ ምክንያቶች ግን ስኳርና ደም ግፊት ናቸው፤ ሁለቱም ደግሞ ባለቤታቸው ሳያውቃቸው ለዓመታት ይቆያሉ።

አሁን ወደ ወረቀቶቹ። ክሬያቲኒንዎ (ኩላሊት ከደም የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው፤ ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ ይጨምራል) በመጀመሪያው 0.7፣ በሁለተኛው 0.8፣ በሦስተኛው 0.7 ነው። 0.8 የሚለው ላይ ሁለት ጊዜ አስምረውበታል። በላብራቶሪ ሥራ የ0.1 ልዩነት ልዩነት አይባልም፤ ከምርመራው በፊት የበሉት የበዓል ሥጋ ብቻ እንኳ ያን ያህል ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከዕድሜዎና ከጾታዎ ጋር ሲሰላ በሦስቱም የማጣሪያ አቅምዎ በደቂቃ ከ90 ሚሊ ሊትር በላይ ነው፤ ይህ የጤነኛ ሰው ልክ ነው። ክሬያቲኒን ብቻውን ግማሽ ያህል አቅም እስኪጠፋ ድረስ ሊሸሽግ እንደሚችል የሆነ ቦታ አንብበው ይሆናል፤ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የሽንት ፕሮቲንና የደም ግፊት አብረው የሚታዩት። የእርስዎ ሽንት በሦስቱም ጊዜ ፕሮቲን የለበትም፣ ግፊትዎም 118 በ76 ነው። ብልቃጡ ውስጥ የሚያዩት አረፋ ሌሊቱን የተጠራቀመ ወፍራም ሽንት ከከፍታ ሲወርድ የሚፈጥረው ነው፤ አረፋው የፕሮቲን መሆን አለመሆኑን የሚለየው የላብራቶሪው የመንከሪያ ወረቀት እንጂ የመስኮት ብርሃን አይደለም።

ያላሰመሩበት ቁጥር ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ንጥረ ነገር ነው፤ 12.1 ይላል። ወረቀቱ ላይ የሴቶች ዝቅተኛ ወሰን 12 ተብሎ ስለታተመ «ልክ ነው» ተብለው አልፈዋል። ደሴ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው ደም ከዚያ ወሰን ከፍ ብሎ እንዲገኝ ይጠበቃል። (እዚህ ላይ የሚያስደንቅ ነገር አለ። ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ከ3,500 ሜትር በላይ በሚኖሩ የሰሜን ተራራ ሰዎች ላይ አጥንተው በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ የእኛ ደገኞች ሄሞግሎቢን እንደ ሌሎች የተራራ ሕዝቦች ብዙ እንደማይጨምር አሳይተዋል። ቢሆንም የሴቶቹ አማካይ 15 ያህል ነበር፤ 12.1 ለደሴ ሴት ዝቅ ያለ ነው ማለቴን አይለውጠውም።) ምክንያቱ የወር አበባ ብዛት ወይም የብረት ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ስምንት ዓመት ዳይክሎፌናክ የወሰደ ሰው ላይ ግን ከጨጓራ ቀስ እያለ የሚንጠባጠብ ደምም መታሰብ አለበት። የጨጓራ ሽፋን በቀናት ውስጥ ራሱን የሚያድስ ስለሆነና መድኃኒቱን ካቆሙ ዓመት ስላለፈ ቁስል ኖሮ ቢሆን እንኳ የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ የጨጓራ ባክቴሪያ ካለ ግን ቁስሉ እንዳይድን ያደርገዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ሄደው የሰገራ ምርመራ ለባክቴሪያውና ለተሰወረ ደም፣ እንዲሁም የብረት ክምችት ምርመራ ያድርጉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ቢያዩ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ቢያስመልስዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ሌላ ምርመራ አልጨምርልዎትም፤ ምክንያቱም ስስት አይደለም። የላብራቶሪ ወሰን የሚቀመጠው ከጤነኛ ሰዎች 95 በመቶው በውስጡ እንዲወድቁ ሆኖ ስለሆነ፣ ከሃያ ጤነኞች አንዱ በእያንዳንዱ ምርመራ ከወሰን መውጣቱ አይቀርም። ጤነኛ ሰው አሥር የተለያዩ ምርመራዎችን ቢያደርግ ቢያንስ አንዱ «ልክ አይደለም» የመባል ዕድሉ 40 በመቶ ያህል ነው። እርስዎ ደግሞ ያቺን አንዲት ቁጥር ይዘው ለዓመት እንቅልፍ ያጣሉ።

የእናትዎን ቃል የምመለከተው በዚህ ዓይን ነው። ሐኪሞች የጤና ጭንቀት የሚሉትን ነገር «ወስዋስ» ከሚለው ቃል የተሻለ የሚገልጸው አላገኘሁም። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ውዱእ ሲያደርግ እጁን ደጋግሞ አጥቦ አጥቦ፣ ጀማዓው ሰግዶ ሲወጣ ገና ከጀበናው ያልተነሣ ሰው አይቶ ያውቃል። ሼሁ እንዲህ ላለው ሰው ተጨማሪ ውሃ አያስቀዱለትም፤ «ሦስት ነው፣ ከሦስት አትለፍ» ይሉታል። እርስዎም ሦስት ጊዜ ተመርምረዋል።

ደብዳቤዎ ውስጥ ሳያስተውሉት የጻፉት ነገር አለ። ደህና ነሽ በተባሉበት ዕለት ይተኛሉ፣ ሳምንት ሳይሞላ ሐሳቡ ይመለሳል፣ እንደገና ማረጋገጥ ይፈልጋሉ። ክኒኑንም የወሰዱት እንዲሁ ነበር። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ማስታገሻ ለሦስት ወር ያህል የወሰደ ሰው፣ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታቱን እየጠራው ይሄዳል፤ ሕመሙ ሲመጣ ክኒን፣ የክኒኑ ኃይል ሲያልቅ ሕመም። ሲያቆሙት የመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንደነበሩ እርስዎ ያውቁታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አሥር ቀን ሕመሙ ይብሳል፣ ከዚያ ይቀንሳል። ምርመራውና ብልቃጡም ማስታገሻ ሆነዋል፤ ጭንቀቱን ለሰዓታት ጋብ ያደርጉና መልሰው ይጠሩታል። መውጫውም ያው የሚያውቁት መንገድ ነው። ብልቃጡን ይጠቡና ጨው ይጨምሩበት። ሐሳቡ ሲመጣ «ውሸት ነው» ብለው ከመሟገት ይልቅ ሰዓቱን ደብተሩ ላይ ይጻፉና የያዙትን ስፌት አንድ ሰዓት ይቀጥሉ፤ ከዚያም ሁለት ሰዓት ያድርጉት። የመጀመሪያው ሳምንት ይከብዳል። ጎረቤቶችዎንም «ፊቴ አላበጠም?» ብሎ መጠየቅ ካለ እርሱም ምርመራ ነውና ይቅር። በወር ጊዜ ውስጥ ካልቀለለዎት፣ በተለይም እንቅልፍና ምግብ ከነሣዎት፣ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ፤ ለዚህ ዓይነቱ ጭንቀት በንግግር የሚሰጥ የተፈተነ ሕክምና አለ፤ ወደዚያ የሚሄደውም ያበደ ሰው ብቻ አይደለም። ክሬያቲኒን፣ ሽንትና ግፊት ከዓመት በኋላ አንድ ጊዜ ይታያሉ። ከዚያ በፊት የሚያስኬደው ሽንት ላይ የሚታይ ደም፣ የሽንት መጠን በጣም መቀነስ ወይም የእግርና የፊት እብጠት ነው።

የቅጠል ዱቄቱን ዛሬ ያቁሙ። ኩላሊት የሚታጠብ ዕቃ አይደለም፤ ራሱ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ የሚያጣራ አጣቢ ነው። ዳይክሎፌናክን ስሙን፣ መጠኑንና ጉዳቱን አውቀው ፈርተውታል፤ ምን እንደተቀላቀለበት የማይታወቀውን ዱቄት ግን ሳይፈሩ በማንኪያ ይጠጣሉ። ጉበትንና ኩላሊትን በመጉዳት የሚታወቁ ዕፀዋት ጥቂት አይደሉም።

ትኩሳትና ራስ ምታት ታግሦ መሰቃየትም አያስፈልግም። ፓራሲታሞል 500 ሚሊ ግራም አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይውሰዱ፤ ለጤነኛ ዐዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ ማለፍ የለበትም፤ ለእርስዎ ግን አሮጌው ልማድ እንዳይመለስ ለራስ ምታት በሳምንት ከሁለት ቀን ባይበልጥ እመርጣለሁ። የደሙ ነገር እስኪጣራ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ይቅሩ። ሲገዙም ስሙን ይጠይቁ። ኮምቦልቻ መድኃኒት ቤት ውስጥ በሠራሁባቸው ዓመታት ሰው መጥቶ «የወገብ ስጠኝ» ይለኝ ነበር እንጂ ስም አይጠራም፤ እኔም ከማሸጊያው አራት ፍሬ በመቀስ ቆርጬ እሰጠዋለሁ፣ ስሙ የተጻፈበት ቁራጭ እኔው ዘንድ ይቀራል። በዚህ መንገድ አንድ ሰው ከሁለት ቤት ሁለት ዓይነት ስም ያላቸውን፣ ሥራቸው ግን አንድ የሆነ ክኒኖች ደርቦ ሊወስድ ይችላል፤ ጥፋቱ ከገዢው ይልቅ የእኛ ነበር።

ለዓይንዎ ድካም ክኒኑን አልጠረጥርም። ከ40 ዓመት በኋላ የዓይን ሌንስ እየጠነከረ ስለሚሄድ ቅርብ ያለውን ነገር አጥርቶ ማየት ይቸግራል፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅት መጀመሪያ የሚታወቀውም በልብስ ሰፊ ላይ ነው። ያለ መነጽር ቀኑን ሙሉ ዓይንን አጥብቦ መስፋት ደግሞ ወደ ማታ ላይ ግንባር የሚይዝ ራስ ምታት ያመጣል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ሕመም ሁሉ ባይገልጸውም የአሁኑን ሊገልጽ ይችላል። ለደሴ ቅርብ የሆነው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው። ሲሄዱ መርፌና ክርዎን ይያዙ፤ ከመሄድዎም በፊት ልጅዎ በሜትርዎ ከዓይንዎ እስከ ስፌት መኪናው መርፌ ያለውን ርቀት ትለካና በልኬት ደብተርዎ ላይ ትጻፈው፤ መነጽሩ የሚታዘዘው በዚያ ርቀት ነው።